ጥጉ ብቻ የለመለመ በቆሎ

ከከሚሴ ወደ ጨፋ ሮቢት በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች ገበሬ ሴት ከጎኗ ላሉት ሽማግሌ ስታወራ ሰማኋት።

“አባ፣ በቆሏችን ቢጫ ሆነ። በሽታ ነው ስላሉን አባወራዬ ዛሬ አጭዶ ለከብት ሊሰጠው ነው።”

“ሁሉም ቢጫ ነው?”

“ጥጉ ሲቀር። ጎረቤቶቻችን ደግሞ ዐይን ነው ይላሉ።”

“ዐይን ከሆነ ጥጉን ምን ብሎ ማረው? በበጋ እዚያ ምን ነበር?”

“አፋሮች ለግጦሽ ሲመጡ ከብቶቻቸውን ያሳድሩበት ነበር።”

“የቀረውስ፣ ቢጫ የሆነው የላይኛው ቅጠል ነው የታችኛው?”

“የታችኛው። አዲሱ ደህና ነው።”

“እንግዲህ በሽታ አይደለም ልጄ፣ ራብ ነው። በቆሎ ምግብ ሲያጥረው ካሮጌው ቅጠል ነጥቆ ለአዲሱ ይሰጣል። ጥጉን የከብቶቹ ፍግ አጥግቦታል።”

“ወላሂ ስንዘራ ዳፕ ማዳበሪያ ሰጥተነዋል!”

“ዳፕ ይበልጥ የሚረዳው ሥሩን ነው። ቅጠሉን የሚያለመልመው ዩሪያ ነው። መሬቱ ሲርስ ከግንዱ ፈንጠር አድርጋችሁ ጨምሩና አፈር አልብሱት።”

“ይድናል ግን?”

“ኢንሻአላህ ይድናል፣ አብሽሪ።”

ቶሎ ብላ ስልክ ደወለች።

“ሰኢድ! ማጭዱን አስቀምጥ! ምን? ገና እየሳልከው ነው? አልሐምዱሊላህ! ዛሬስ ስንፍናህን ወደድኩት።”

ሽማግሌው ሳቁ። “ዩሪያውን ለማምጣት ግን እንዳይሰንፍ ንገሪው።”

እኔም እስክወርድ ድረስ በመስኮቱ በኩል በየማሳው ያለውን በቆሎ የታች ቅጠሉን እያየሁ ሄድኩ።