ሲቆም የሚተነፍስ ጎማ

ምራትየዋ፣ የታናሽየው ልጅ ሚስት፣ ወሬዋን የጀመረችው ከጥላ ነው። ሾርባውን እየቀዳች፣ የዛሬው ፀሐይ አናት እንደሚበሳ፣ ሞተሯ ግቢው መሃል ተገትራ ስታያት አንጀቷን እንደበላቻትና ገፋ አድርጋ በሩ ጥግ ጥላ ላይ እንዳቆመቻት ለአማቷ ነገረቻቸው።

"ብረትም እኮ ይደክመዋል፣ እማማ። ጠዋቱን ሙሉ ስትሮጥ የዋለች ናት... ትንሽ ትተንፍስ ብዬ ነው።"

ታላቅየው ልጅ ማንኪያውን ወደ አፉ እያደረሰ ነበር። አደረሰው፤ የሾርባው ጣዕም ግን አልተሰማውም። ከተቀመጠበት ሆኖ፣ በምራትየዋ ትከሻ ላይ አሻግሮ፣ በተከፈተው በር በኩል የሞተሯ የኋላ ጎማ ፊት ለፊት ይታየዋል። ወንበር ቀይሮ ጀርባውን ለበሩ መስጠት ይችል ነበር። ግን አባቱ ከሞቱ ጀምሮ የአባቱ ወንበር የእሱ ነው፤ ያንን ወንበር በገዛ እጁ ለቆ ሌላ ላይ ቢቀመጥ እናቱ ምን ሆንክ ማለታቸው አይቀርም።

ምሳው ደግሞ ተራ ምሳ አልነበረም። አባትየው ሲሞቱ ለሁለት ወንድ ልጆች ትተውት የሄዱት አንድ ሞተር ነው። እናትየው ቀኑን ለሁለት ከፍለው ሰጧቸው። ጠዋት ታላቅየው ከኋላ ሳጥን አስሮ ለየሱቁ ዳቦ ያድላል፤ ምሳ ሰዓት ላይ ይገባና ሞተሯን አቁሞ ይበላል፤ ከምሳ በኋላ ታናሽየው ከልብስ ማጠቢያ ቤት ንጹሕ አንሶላ ጭኖ ለየሆቴሉ ያደርሳል። ሕጋቸውም ያው የአባታቸው ሕግ ነው፤ ጎማ የተበሳበት ሰው ራሱ ያስጠግን፣ ለሌላው ደህና ጎማ ያስረክብ።

ከዓመት ወዲህ ግን ሚስማሩ ሁሉ በታናሽየው ላይ ያደመ መሰለ። ታላቅየው ጠዋቱን ሙሉ ከተማውን ሲያካልል አንድም ቀን አይበሳበትም። ታናሽየው ገና ከሰፈር ሳይወጣ ጎማው እንደ ትራስ ይለሰልሳል። ወርዶ በእጅ ፓምፕ ይነፋል፣ ትንሽ ይሄዳል፣ ጎማውም መልሶ ይይዝለታል። ጎሚስታው ውሃ አፍስሶበት አረፋ የሚያወጣ ቀዳዳ ሲያጣ፣ ጎማው ደህና ነው፣ ችግሩ ያለው አንተ ላይ ነው ብሎ ይሸኘዋል። አንሶላው ይዘገያል፣ ሆቴሎቹ ያጉረመርማሉ፣ ሰፈሩም ታናሽየውን "ማግኔቱ" እያለ ይጠራዋል። እናትየው በመጨረሻ ቆረጡ። አንደኛው ልጄ እጁ ብሩክ ነው፣ ሌላኛው ዕድል የለውም፣ ዛሬ ከምሳ በኋላ ቁልፉን ለታላቅየው እሰጠዋለሁ፣ ከነገ ጀምሮ ሙሉ ቀን የእሱ ነው፣ ታናሽየው ሌላ ሥራ ይፈልግ አሉ። ታናሽየው አልተከራከረም። የዛሬውን የመጨረሻ ጭነቴን አዘጋጅቼ ሞተሯን ልጠብቅ ብሎ በእግሩ ወደ ልብስ ማጠቢያው ሄደ።

ብሩኩ እጅ ግን ከሞተሯ ወንበር ሥር፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ጠርሙስ ነበረው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው እንደ እርጎ የወፈረ አረንጓዴ ፈሳሽ ነው። በቫልቩ በኩል ይጨመራል፤ ጎማው ሲሽከረከር ውስጡን ሁሉ ይለብሰዋል፤ ሚስማር የከፈተውን ቀዳዳም ይደፍነዋል። ክፉ ነገር አይደለም፤ ጎሚስታው ዘንድ እስክትደርስ ያደርስሃል። ታላቅየው መጀመሪያ የጨመረው ዳቦው ትኩስ እያለ መንገድ ላይ ሚስማር የወጋው ጠዋት ነበር። ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ጎሚስታውን ረሳው። ቀዳዳ ሲጨመር ፈሳሽ ይጨምራል። የምሳ ሰዓቱን ነገር ቆይቶ ነው የተረዳው። ሞተሯ ስትቆም ፈሳሹ ወደ ታች ይወርድና የላይኛዎቹ ቀዳዳዎች ቀስ ብለው መተንፈስ ይጀምራሉ። ሌሊት የተነፈሰውን እሱ ማለዳ ሰው ሳይነሳ ነፍቶት ይወጣል፤ ምሳ ላይ የሚተነፍሰው ግን ለወንድሙ ይተርፋል። እሱ ይህን ሲረዳ ግን ወንድሙ ማግኔቱ ተብሎ፣ የእሱም እጅ ተመርቆ አልቆ ነበር። የተሰጠ ምርቃት እንዴት ይመለሳል?

ትናንት ምራትየዋ ከባሏ ኋላ ተፈናጥጣ ነበር። ጎማው ሲለሰልስ ጎሚስታውን ይዛ፣ ከቸርኬው አውልቀህ ውስጡን ካላሳየኸኝ አልሄድም አለች። አወለቀው፤ ፈሳሹንም ሚስማሮቹንም ሁሉ አየች። ጎሚስታው ውስጡን አጥቦ፣ ቀዳዳውን ሁሉ ደፍኖ ሰጣቸው። ዛሬ ማለዳ ታላቅየው በስሱ ግድግዳ በኩል የወንድሙን ድምፅ ሰምቷል፤ ታላቄ ነው፣ ስሙን በክፉ አንስተሽ እንዳልሰማ ይላት ነበር። እሷም እሺ ስትል ሰምቷል። ቃሏን የምትጠብቅ ሴት ናት። ልቡ አርፎ ወጣ።

የተጠገነው ጎማ ግን በመጀመሪያው ጠዋት አዲስ ሚስማር ገባበት። በመንገዱ ላይ ያለው ጎሚስታ ያው የትናንቱ ነው። በየትኛው ዓይኑ ያየዋል? የተረፈውን ፈሳሽ ጨመረና ነዳ። ነገ፣ ቁልፉ ሙሉ ለሙሉ እጁ ከገባ በኋላ፣ ያስጠግነዋል።

ምራትየዋ ዳቦውን ለአማቷ እየቆረሰች ከጥላው ወደ ጎሚስታው ተሻገረች። ትናንት ተቀምጣ የጠበቀችበት ወንበር አንድ እግሩ አጭር እንደነበር፣ ሰውየው ሥራው ላይ ያለው ትዕግሥት እንዳስገረማት፣ እጁ ጥቁር ቢሆንም ምላሱ ንጹሕ እንደሆነ አወራች። እናትየው በአንድ ጆሯቸው ይሰማሉ። ቁልፉ በሻርፓቸው ጫፍ ተቋጥሮ ደረታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

"ምን አጫወተኝ መሰለዎት... የሆነ ደንበኛ አለ አሉ። ስሙን አላነሳም፤ ሰው በስሙ አይነሳ ተብዬ ተመክሬያለሁ። ብቻ ምን ዓይነት ጨዋ ሰው መሰለዎት፣ እማማ! ሚስማር ሲገባበት እንኳ አያስወጣም። የእግዚአብሔር እንግዳ ነው፣ ይረፍ ይላል። የሚጠጣ ነገር ይሰጠውና ተሸክሞት ይዞራል። እንዲህ ያለ እንግዳ ተቀባይ በዚህ ዘመን የት ይገኛል?"

እናትየው ፈገግ አሉ። ታላቅየውም ፈገግ አለ፤ ካላለ ለምን አላልክም የሚለው ያለ መሰለው። ዓይኑ ግን በሩ ላይ ነበር። ጎማው አሁንም ክብ ነው። ወይም ክብ ይመስላል።

እሷ ደግሞ የሚስማሮቹን ነገር ቀጠለች። በጣቶቿ አሳየች፤ ይህን የሚያህሉ፣ አናታቸው አስፋልት ልጎት ልጎት እንደ መስታወት የሚያበራ። ጎሚስታው እንዳለው ሚስማር ትናንት ገብቶ ዛሬ እንዲህ አያበራም፤ ብዙ አገር መዞር አለበት። አንዱን ለጉትቻ ትሰጠኛለህ ብላው እንደሳቀ ነገረቻቸው።

"እኔማ ቀናሁ። እኔ ሰፈር ለመውጣት ስንት ሰው አስፈቅዳለሁ፣ ሚስማሩ ጠዋት ጠዋት በሞተር ይንሸራሸራል... ጋሼ፣ ሾርባው ቀዘቀዘብዎት መሰለኝ፣ ልጨምርልዎት?"

ጨመረችለት። በትሕትና፣ ሁለት እጇን ሰጥታ። የትሕትናዋ ነገር ከንግግሯ ይልቅ አስፈራው።

ከዚያ በሰው ልጅ ብልሃት ስትገረም ቆየች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው የድሮ ሰው ተረት ነው አለች፤ አሁን መደበቂያው ራሱ መድኃኒት ተብሎ በጠርሙስ ይሸጣል። ሰውየው እንዴት ያለ አሳቢ ቢሆን ነው፣ ሌላውን ላለማስጨነቅ ቀዳዳውን ሁሉ ብቻውን ይዞት የኖረው? ለጎሚስታ አይነግር፣ ለቤተሰብ አይነግር። ሲያስረክብ እንኳ ጎማው ሞላ ብሎ፣ አምሮበት ነው የሚያስረክበው። ከዚያ በኋላ ለሚሆነው እሱ ምን ያድርግ?

"እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ትል ነበር እናቴ። ደህና ተረት ነው... ግን እናቴ ሞተር አልነበራትም። እውነትና ጎማ እስኪያድር ማን ይጠብቃል? ትንሽ ካቆሙት ራሱ ይተነፍሳል።"

ታላቅየው ያኔ ጥላውን ተረዳው። ሞተሯን ወደ በሩ ስትገፋት ጎማው ተሽከርክሯል፤ ሲቆም ሚስማሩ ያለበት ወገን ወደ ላይ መጥቷል። ፈሳሹ ታች ነው፣ ቀዳዳው ላይ ነው። ከጭቃ መከላከያው ሥር የሆነ ነገር ብልጭ ሲል አየው። ሲያፏጭም የሰማ መሰለው፤ በዚያ ርቀት ሊሰማ ግን አይችልም። የጎማው ሆድ ታች መሬቱ ላይ መስፋት ጀምሯል፣ ከምሳ በኋላ ቀበቶውን እንደፈታ ሰው።

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃው ነበር። እማዬ፣ እኔ ነኝ ቢል ያልቅ ነበር። ሾርባውን ዋጠ፣ ቃሉም አብሮ ወረደ። ወንድሙ አሁን በልብስ ማጠቢያው ደጃፍ፣ ከአንሶላው ክምር አጠገብ ቆሞ፣ እንጀራው ያለቀበት ሰው ሆኖ እንደሚጠብቅ ያውቃል። ያውቃል፤ ግን እናቱ ፊት ብሩክ መባል እንዴት እንደሚሞቅ ያላወቀ ሰው ብቻ ነው ቀላል ነው የሚለው።

"እርስዎ የወለዱ ነዎት፣ እማማ፣ ያስረዱኝ እስኪ" አለች ምራትየዋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እንደ ተማሪ። "ሚስማር ሰዓት ያያል እንዴ? ጠዋት ተኝቶ አርፍዶ... ምሳ ሲበላ ተነስቶ ሰው ይወጋል?"

የእናትየው እጅ ዳቦው ላይ ቆመ።

ምራትየዋ ግን ወዲያው ወደኋላ አለች። እንዲያው ለጨዋታ ነው፣ የሴት ወሬ ነው፣ እኔ ስለ ሞተር ምን አውቄ አለች። ትክክለኛው ውሳኔ የእማማ ውሳኔ ነው አለች። ባሌ ዕድል የለውም፤ ዕድል ከሌለው ሰው ጋር መንገድ መውጣት አስፈሪ ነው። ደግሞስ በቤት ውስጥ እጁ የተባረከ ሰው እያለ፣ ያ በረከት እስከ ምሳ ብቻ ተሠርቶበት ከሰዓት በኋላ ለምን ሥራ ይፈታል? ኃጢአት አይሆንም? ሙሉ ቀን ይሁን። እንዲያውም ለምን ነገ? ዛሬ፣ አሁን፣ ከምሳው ተነስቶ ይሂድ። ጭነቱ ተዘጋጅቷል። ሆቴሉ ዳገቱ አናት ላይ ቢሆንም፣ አንሶላው ከሰው ቁመት ቢበልጥም፣ ለብሩክ እጅ ዳገት ምኑ ነው?

ታላቅየው አፉን ከፈተ። ዛሬ ትንሽ አሞኛል ሊል ነበር። የተከፈተውን አፉን ለመዝጋት ዳቦ ጎረሰበት።

እናትየው ቀስ ብለው ወደ በሩ ዞሩ። ጎማው በዚያች ሰዓት ጨርሶ ተኝቶ ነበር፤ ቸርኬው መሬት ሊነካ የቀረው የጎማው ቆዳ ውፍረት ብቻ ነው። ሞተሯ ወደ አንድ ጎን አዘንብላ ቆማለች። ጠዋቱን ማን እንደነዳት የሚጠየቅ አልነበረም። ታናሽየው ዛሬ እጁን እንኳ አላሳረፈባትም። ሰው ያለ ጥፋቱ ዓመት ሙሉ ሲወቀስ ከወቃሾቹ አንዷ እኔ ነበርኩ የሚል ነገር በፊታቸው ላይ ሲያልፍ ታላቅየው አየ፤ ቶሎም ወደ ሳህኑ አቀረቀረ።

እናትየው የሻርፓቸውን ጫፍ ያዙ፣ ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈቱ፣ ቁልፉን አውጥተው ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጡለት። በእጁ ሊሰጡት፣ መርቀው ሊሰጡት ነበር ያሰቡት። አሁን አስቀመጡት ብቻ። ካነሳው፣ ተነስቶ ያቺን ሞተር በእናቱ ዓይን ፊት አስነስቶ ወደ ዳገቱ መሄድ አለበት። ካላነሳው፣ ለምን እንደማያነሳው በገዛ አፉ መናገር አለበት።

ቁልፉን አየው። እጁን ከጠረጴዛው በታች አደረገ።

ምራትየዋ ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመረች። የእሱን ሳህን ስታነሳ ቁልፉን እንዳትነካ ተጠነቀቀች። ከዚያ ቀና ብላ፣ ሁለት መዳፎቿን ወደ ላይ ዘርግታ፣ ድምጿን ማር አደረገችው።

"አሜን ይበሉ እንጂ፣ እማማ... የሚነዳትን ሰው እግዜር ይባርከው። ጠዋት እሱ እንደጠበቃት፣ ከሰዓት እሷ ትጠብቀው።"