ሙሽራ የከበደችበት ሚዜ

በእኛ ጊዜ፣ በደርግ ጊዜ ማለቴ ነው፣ እዚህ አሰበ ተፈሪ ጡንቻ ማውጣት የፈለገ ጎረምሳ ሁለት የወተት ጣሳ ሲሚንቶ ይሞላና በቧንቧ አጋጥሞ ያነሳ ነበር፤ ሌላ ብረት ከየት ይመጣል? እና እኔና ጓደኛዬ አብዲ በእነሱ ግቢ ነው የምንሠራው። አብዲ ታዲያ ሁሉ ነገሩ በልክ ነው፤ ጣሳውን በቡና ነጋዴው አጎቱ ሚዛን ይመዝናል፣ ዛሬ ስምንቴ ካነሳ በሳምንቱ ዘጠኝ፣ ሲቀለው ሲሚንቶ ይጨምራል። እኔ እስቅበታለሁ። «ምነው አብዲ፣ ጡንቻ በኪሎ ይሸጣል እንዴ? እኔ ገላዬ አንሳ ሲለኝ አነሳለሁ፣ በቃ ሲለኝ እተዋለሁ» እለዋለሁ።

ገላዬ አንሳ የሚለኝ መቼ መሰላችሁ? ከበርጫ በኋላ ነዋ። አገሩን ታውቁታላችሁ። ከምሳ በኋላ ጫቴን ስቅም ቆይቼ ምርቃና ሲይዘኝ ያ ብረት ላባ ነው፤ አንበሳ የሆንኩ ይመስለኛል፤ ታዲያ እራት የለ፣ እንቅልፍ የለ። አብዲ «ወላሂ፣ የሚያነሳው ጫቱ ነው እንጂ አንተ አይደለህም፤ እስቲ አንድ ቀን በጠዋት ና» ይለኛል። በጠዋት ማን ይነሳል?

እና ጓደኛችን ተሾመ ሂርና ከተማ ሊያገባ ሆነ፤ አንደኛ ሚዜ እኔ፣ ሁለተኛ አብዲ። ሙሽራዋን ከእናቷ ቤት አዝሎ መኪናው ድረስ የሚያደርሰው አንደኛው ሚዜ ነው። እኔ ደግሞ ዓይኔ በሙሽራዋ ታናሽ እህት፣ በጥሩወርቅ ላይ ነው፤ ዛሬ ጉልበቴን ታየዋለች ብያለሁ። ሰርጉ በጠዋት፣ ጫት የለ። አዘልኳት። ገና ከደጁ ስወጣ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፣ ተንቀጠቀጠና ከነሙሽራዋ ቁጭ አልኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምናለ። ሰው ቢስቅብኝ ይሻል ነበር፤ አልሳቀም። የሙሽራዋ እናት መጥተው ግንባሬን ዳሰሱና «ምነው ልጄን? ቆላ ወርዶ ነበር እንዴ? ወባ ይሆናል» አሉ። እኔም አንገቴን ደፍቼ «አዎ እማማ፣ ወባ ነው» አልኩ። አብዲ ሙሽራዋን አዝሎ እንደ ዋዛ መኪናው አደረሳት።

በሳምንቱ ጥሩወርቅ ልትጠይቀኝ የወባ ኪኒን ይዛ መጣች። ምን ልበል? ያን መራራ ነገር ፊቷ ዋጥኩት፣ ደጋግማ አስዋጠችኝ። ይኸው አግብታኝም እስከ ዛሬ ጀሪካን ላነሳ ስጎነበስ «ተው፣ ጎረቤት ልጥራ» ትለኛለች፣ እኔም እሸማቀቃለሁ። ልጆች ወልጄ፣ ሸብቼ፣ ያ ሀፍረት አልለቀቀኝም። ወባ አለመሆኑን ግን እስከ አሁን አልነገርኳትም፤ ቀስ በሉ፣ ጓዳ ናት።

«ሰምቻለሁ» አለች ጥሩወርቅ ከጓዳ። «ወባ እንዳልነበረማ ያኔም አውቃለሁ። ኪኒኑን ያስዋጥኩህ ለውሸትህ ነው።»