ቅቤ የተቀባችው ማርቸዲስ

ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ ከኋላዬ አንዲት ሴት ጎረቤቷን ስትጠይቅ ሰማሁ።

«ጋሼ፣ ያቺን የድሮ ማርቸዲስ ገዝተው በታክሲ?»

«እናቴ ከገረሴ ወርዳ መኪናዋ ከግቢ እንዳትወጣ ከለከለች።»

«ለምን?»

«‹ቤት የገባች ሙሽራ ናት› ብላ ኮፈኗን ቅቤ ቀባችው።»

«ቅቤ?»

«አዎ። አቧራው ሁሉ ተጣብቆባታል፤ ልጠባት ብል እሺ አላለችም።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ቅዳሜ። እኛ ደጋ ሙሽራ መጀመሪያ የምትወጣው ገበያ ነው፣ ሰው አይቶ እንዲመርቃት።»

«እናትዎም አብረው ሊሄዱ ነው?»

«ከኋላ ትቀመጣለች። እሷ ስታገባ ገበያ ያወጣት ሰው አልነበረም።»

ሴቻ ሳንደርስ የቅዳሜ ቀጠሮዬን በልቤ ሰረዝኩት።