መሪ ላይ የመጣው ህልም

ሄሎ… ወአለይኩም ሰላም፣ ጀብሪል! አራሷ እንዴት ናት?… ምን? ቀስ ብለህ ንገረኝ፣ ድምፅህ አይሰማም… ህልም? የምን ህልም?… ካላስታወስከው ታዲያ ስለ ልጁ መሆኑን በምን አወቅህ?

— እናቴ፣ መድኃኒቱን አሁን አወጣልዎታለሁ፤ አንዴ ይታገሱኝ። ወንድሜ ነው። —

እሺ። ህልም አየህ፣ ደንግጠህ ነቃህ፣ ጠፋብህ። መቼ?… አሁን? በጠራራ ፀሐይ የት ተኝተህ ነው?… ጀብሪል። የት ነው ያለኸው?… ሲሪንቃ። ሰው ጭነሃል?… አስራ አራት ሰው! ለምንድን ነው የሚጮኹት?… ጎማው ከአስፋልት ወጣ?!

«ዓይኔን ከደን አድርጌ ነው» አትበለኝ! እንቅልፍ ወስዶህ ነው… አይ፣ ህልሙ ማስጠንቀቂያ አይደለም። ስማኝ። ስንተኛ አእምሯችን አብሮን አይተኛም፤ የዋልንበትን፣ የፈራነውን ሲያገላብጥ ያድራል። ያየነውን የሚይዝልን የአእምሮ ክፍል ግን ያን ሰዓት ይደክማል፤ ስንነቃ ብን ብሎ የሚጠፋው ለዚያ ነው። የኔም ይጠፋል፣ የሁሉም ሰው ይጠፋል… ደሴ ሆስፒታል እነሱ ጋ ስንት ሌሊት ቁጭ ብለህ አደርክ?… ሁለት! እንዲህ ያልተኛ ሰውማ ዓይኑ እንደተከደነ ነው ህልም ውስጥ የሚገባው።

ወደ ደሴ ልትመለስ? በዚህ ዓይንህ?… ሞተር ነው የሚሰማኝ? አጥፋው! በአላህ ይዤሃለሁ፣ አጥፋው!… ሄሎ? ትሰማኛለህ?… ሄሎ!

አቤት… ማን ልበል?… ተሳፋሪ ነዎት። አባቴ፣ እህቱ ነኝ፣ ሀስና እባላለሁ፤ መርሳ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። እባክዎ ቁልፉን ይንቀሉበት። መሪ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነበር… ቢቆጣም ይቆጣ!… ነቀሉት? ኪስዎ ይክተቱት። ባለቤቴ ሹፌር ነው፣ አሁኑኑ እልከዋለሁ።

— አማን! ካርቶኑን ተወውና ባጃጅ ያዝ። ሲሪንቃ! የጀብሪልን መኪና አንተ ነህ የምትነዳው። መንጃ ፈቃድህን እንዳትረሳ! —

ጀብሪል?… አውቃለሁ። አልቅስ ወንድሜ፣ ማንም አይስቅብህም… ቆይ፣ በሌላው ስልክ ለሚስትህ ልደውልላት። አትዝጋው።

ሄሎ፣ ናጅዋ! ሀስና ነኝ። ልጁ እንዴት ነው?… አይ፣ ምንም አልተፈጠረም። እስቲ ስልኩን ወደሱ አስጠጊልኝ…

ጀብሪል፣ ሰማኸው?… እሱ ነው፣ ልጅህ። ጡቱን ነጥቀነው ነው እንዲህ የሚጮኸው… አልሃምዱሊላህ። አዎ፣ ደህና ነው ወላሂ።

አሁን ውረድና የዛፍ ጥላ ስር ጋደም በል። አማን እስኪደርስ ከስልኩ አልለይም… ሰዎቹንማ እሱ ያደርሳቸዋል። አንተን ደግሞ እኔ ቤት… ጀብሪል?… ሄሎ?… ጀብሪል!

አባቴ? ምነው ዝም አለ?… ምን ሆነ?… ተኛ?… ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ?

ይተዉት አባቴ። አይቀስቅሱት።