ስንት ትራስ?

እኔ ሳወራ ቶሎ ቶሎ ነው፣ ስጽፍም እንደዛው፣ ታገሱኝ። ይሄን ካልተናገርኩት ግን እፈነዳለሁ፣ በቃ ልጀምር።

አርብ ጠዋት ኮሌጃችን በር ፊት ለፊት ያለችው ኮፒ ቤት ገባሁ። ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ደጅ የሚቆምባት ጠባብ ቤት ናት። ባለቤቱን «ወረቀት አልቋል» ነው የምንለው፤ ሁልጊዜ ወረቀት አልቋል ይልና ከዛ ከጠረጴዛው ስር ያወጣል። እኔ ነርሲንግ አንደኛ ዓመት ነኝ። በየሳምንቱ ማክሰኞ እያንዳንዳችን አንድ የታመመ ሰው ቤቱ ሄደን እንጠይቅና አርብ ሪፖርት እናስገባለን። የኔን ኤአይ ጽፎልኛል። በሃያ ሰከንድ! እንዴት እንደሚያምር ብታዩት! ለማተም ብቻ ነው የመጣሁት።

«ወረቀት አልቋል» ከማሽኑ ሁለት ወረቀት መዘዘና አንዱን ለኔ፣ አንዱን ጥግ ላይ ለቆሙ ሴትዮ ሰጠ። የኔን ሳየው «በገዛ ፈቃዴ ከማስተማር ሥራዬ መልቀቄን አሳውቃለሁ» ይላል። ኧረ እኔ መቼ ተቀጠርኩ! ቀና ስል ጥግ ላይ ያሉት የኛው አስተማሪ ናቸው፣ ሲስተር። በሌሉበት «ቀይ እስክሪብቶ» ነው የምንላቸው። ትልልቆቹ ተማሪዎች እንደሚያወሩት ድሮ ወረቀት ሲመልሱ የተቀቀለ ቀይ ስር ነበር የሚመስለው። ለኛ ግን አንድም ቀይ ደርሶን አያውቅም። ለሁላችንም «ጥሩ ዘገባ፣ በርቱ፣ 18 ከ20» ነው የሚመጣልን።

«ሲስተር፣ ወረቀታችን ተቀያየረ መሰለኝ» አልኩ እየሳቅኩ።

እሳቸው አልሳቁም። የኔን እያነበቡ ነበር።

«ይሄ ያንቺ ነው?»

«አዎ ሲስተር።»

«'በማክሰኞው ጉብኝት ታካሚዋ በመልካም ሁኔታ ላይ የነበሩ ሲሆን፣ እንቅልፋቸውም የተስተካከለ ነው።' ማክሰኞ ሄደሻል?»

«አዎ ሲስተር።»

«አልሄድሽም። ጠዋት ልጃቸው ደውሎልኛል። 'ያቺ ተጫዋች ልጅ ምነው ቀረች? እናቴ በሩን እያየች ስትጠብቃት ዋለች' አለኝ።» ወረቀቱን ለሁለት አጠፉት። «ረቡዕ ንጋት ላይ አርፈዋል።»

እናንተዬ፣ እዚህ ጋ ምን እንደተሰማኝ አልጽፍም፣ አልችልበትም። ማክሰኞ ጸጉሬን ልሠራ ሄጄ ነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም። ፈልጌም አጣሁ።

የወረቀት ካርቶን ላይ ቁጭ አልኩ። «ወረቀት አልቋል» ሌላ ካርቶን ለሲስተር ገፋ አደረገ።

«በፊት ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ ብለሻል፣ እሱስ?» አሉኝ።

«እውነቴን ነው ሲስተር፣ እማማ ይሙ...»

ቃሉ አፌ ውስጥ ቀረ። እንደዛ ብዬ ነበር የምምለው። እማማ የምላቸው ታካሚዬ ቤት ቁጭ ብዬም እንደዛ እምል ነበር፣ «እማማ ይሙቱ» ስል «እኔን አትግደይኝ እንጂ» ብለው ይስቁብኝ ነበር።

ሲስተር አጠገቤ ቁጭ አሉ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ምን አየሽ ታዲያ?»

«ምንም። ሪፖርቱ ላይ ያለውን።»

«ሪፖርቱን ተይው። በዓይንሽ ያየሽውን ንገሪኝ።»

«ሦስተኛ ፎቅ ናቸው። ጨዋታ ይወዳሉ። መጀመሪያ ስሄድ በሁለት ትራስ ተደግፈው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አራት ሆኗል፣ የልጃቸውን ትራሶች ወስደውበት። 'ለራሴ የሚቀር ትራስ አጣሁ' እያለ ሲቀልድ ነበር። ጫማቸው ጠቦባቸው የሱን ሰፊ ነጠላ ጫማ ነበር የሚያደርጉት፣ እሱ ደግሞ በካልሲ። ስንሳሳቅ ትንፋሽ ሲያጥራቸው እጄን ይይዙኛል፣ ከዛ...»

አቆምኩ። ሲስተር ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«ልብ ሲደክም» አልኩ ቀስ ብዬ፣ «ውሃው ወደ ሳንባ... ተጋድሞ መተንፈስ ያቅታል... እግር ያብጣል። ሲስተር፣ አስተምረውናል እኮ!»

«በማይክ። ለመቶ አርባ ሰው። ትራሱን ያኔ ሪፖርትሽ ላይ ጽፈሽዋል?»

«ለኤአዩ አልነገርኩትም። ትራስ ምኑ ይጻፋል ብዬ። 'የልብ ህመምተኛ አሮጊት ጉብኝት ሪፖርት ጻፍልኝ' ብቻ ነው ያልኩት።»

«እስቲ አሁን ንገሪው።»

ስልኬን አወጣሁ። ሁለት ትራስ አራት መሆኑን፣ ነጠላ ጫማውን፣ ትንፋሹን ጻፍኩ። ወዲያው መለሰ። «ይህ የልብ ድካም እየከፋ መሆኑን ሊያመለክት ይችላል፤ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ቤት ይውሰዷቸው» ይላል። ዛሬውኑ። ያየሁት እኮ ከረቡዕ ስምንት ቀን በፊት ነው።

ሲስተር መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉ፣ ብዙ ጠረጉ።

«አንቺን ብቻ ልቆጣ ብዬ ነበር» አሉ። «ድሮ ሠላሳ ተማሪ ነበረኝ፣ ሁሉንም አነብ ነበር። ዘንድሮ መቶ አርባ አደረጉብኝ። ዲኑ ፊት ቀርቤ ሳለቅስ 'ሲስተር፣ ለማሽኑ ይስጡት፣ እሱ ያርምልዎታል' አሉኝ። ሰጠሁት። የሁለተኛ ሳምንት ሪፖርትሽን አላነበብኩትም። ማሽን ጻፈው፣ ማሽን አረመው፣ እኔና አንቺ መሀል ቆመን ወረቀት ተቀባበልን። ከዚህ በኋላ አስተማሪ ተብዬ እዛ ግቢ አልገባም። ደብዳቤዬን አምጪው።»

ደብዳቤውን ከጀርባዬ ደበቅኩት። ድፍረቴ! እንዴት እንዳደረግኩት አላውቅም።

«ሲስተር፣ እርስዎ ቢለቁ በርስዎ ቦታ ማን ይገባል?»

«ማንም። ማሽኑ ብቻውን።»

«እኮ! መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ልጅ ደግሞ የሚቀጥለው ማክሰኞ ሰው ቤት ይሄዳል።»

«እና ምን ላድርግ ነው የምትይኝ? ኤአዩን ልከልክል? ትሰሙኛላችሁ?»

«አንሰማም» አልኩ። ምን ልዋሽ። «አይከልክሉት። አሁን አዩት አይደል፣ ከነገሩት ያውቃል። እኔ ያላየሁትን እንዳየሁ አድርጎ ሲጽፍልኝ ነው ጉዱ። ስለዚህ መጀመሪያ ስልክ ቦርሳ ውስጥ ይግባና በእጃችን አምስት ነገር እንጻፍ፣ በዓይናችን ያየነውን። ከዛ ኤአዩን እንጠይቀው። ከዛ እርስዎ ፊት ወረቀት ሳንይዝ እንናገር። አሁን እንደጠየቁኝ ይጠይቁን።»

«ልጄ፣ መቶ አርባ ሰው ነው!»

«አምስት አምስት ደቂቃ። አሥራ ሁለት ሰዓት አይሞላም።»

«በየሳምንቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ቁሜ?»

«ተቀምጠው!»

ትንሽ ፈገግ ሊሉ ነበር፣ ተዉት። «ሌላውን ትምህርት መቼ ላስተምር? ዲኑስ?»

«ያንን ሁሉ በማይክ የሚያነቡልንን ስላይድ ይላኩልን፣ ቤታችን እናነበዋለን። ሲስተር፣ ስለ ልብ በማይክ ሲነግሩን እኔ ከኋላ ወንበር ጥፍሬን ቀለም እየቀባሁ ነበር። አሁን ግን እስክሞት አልረሳውም። የጠየቁኝ እኮ ሦስት ደቂቃ ነው። ያኔ፣ በሁለተኛው ሳምንት ጠይቀውኝ ቢሆን...»

አልጨረስኩትም። መጨረስም አልነበረብኝም፣ እሳቸውንም እኔንም ነው የሚወጋው።

ሲስተር መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዛ እጃቸውን ዘረጉ። «አምጪው።»

ሰጠኋቸው። በቃ አለቀ ስል ገለበጡትና ባዶው ጀርባ ላይ በቀይ እስክሪብቶ መስመር አሰመሩ። አንድ ብለው ጻፉ።

«ከመቶ አርባው አንድ አንቺ ነሽ። ዜሮ ነው የምሰጥሽ፣ ኮርሱንም ትደግሚያለሽ። አሁን ተነሽና የእማማን ከመጀመሪያው ንገሪኝ። ቤቱ ስትገቢ ምን ሸተተሽ?»

ቆሜ ነገርኳቸው። እያለቀስኩ፣ ሁሉንም። «ወረቀት አልቋል» ማሽኑን አጥፍቶ ሰማ፣ ሲያልቅም ባዶ ወረቀት አንድ እሽግ ከጠረጴዛው ስር አውጥቶ «ለሲስተር ነው» አለ።

ከዛ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ዲኑ ብዙ አጉረመረሙ፣ ሲስተር ግን «ፊርማዬን የሚያዩት ያነበብኩት ነገር ላይ ብቻ ነው» አሏቸው፣ አበቃ። ሁለት አስተማሪዎች ደግሞ ሰምተው የራሳቸውን ክፍል እንደዛ አደረጉ። አዲሱ ጥያቄ በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት አንዱ ዝምተኛ ልጅ ሲስተር ፊት ቆሞ «የጎበኘኋቸው አባባ የሸሚዛቸውን ቁልፍ የሚቆልፉት በቀኝ እጃቸው ነበር፣ አሁን በግራ ነው» አለ። ለምን እንደነገራቸው እንኳ አያውቅም። ሲስተር «ቀኝ እጃቸው ከድቷቸዋል፣ ስትሮክ ነው!» ብለው ከወንበራቸው ተነስተው አምቡላንስ ጠሩ፣ ሰውዬው በጊዜ ሐኪም ቤት ደረሱ፣ ዛሬም አሉ። ከማሽን የተቀዳ ሪፖርት ቢሆን «በመልካም ሁኔታ ላይ ናቸው» ነበር የሚለው። እንግዲህ ጥቅሙ ይሄ ነው፣ ከዚህ በላይ ምን ልበላችሁ? ጠያቂ ካለ ልጅ ያያል። ጠያቂ ከሌለ ጸጉሯን ልትሠራ ትሄዳለች።

እኔ አሁን ከአዲሶቹ ጋር ኮርሱን እየደገምኩ ነው። ሲስተር ባሳተሙት አዲስ ቅጽ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ትራስ?» ይላል። ልጆቹ ከየት እንደመጣ አያውቁም፣ ሰላምታ አድርገውታል። ኮሪደር ላይ ሲያገኙኝ «ሃይ፣ ስንት ትራስ?» ይሉኛል፣ ይስቃሉ።

እኔም እስቃለሁ፣ ተጫዋች አይደለሁ። «አራት» እላለሁ ግን፣ ሁልጊዜ አራት።