ለባሕረኛው ለቅሶ የመጣው ፈረስ

በእኛ ጊዜ ለቅሶ ሲወጣ ሟቹ ማን እንደነበር ይታወቅ ነበር። ገበሬ ከሆነ በእርሻው፣ ቄስ ከሆነ በቅዳሴው ይለቀስለታል። እና አሁን ምን መጣ መሰላችሁ፣ ስሙኝማ፣ ሰው በሌላ ሰው ሞያ ተለቅሶለት ይቀበራል! እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

አያ ይርሳውን ታውቁታላችሁ፤ እዚሁ ፍኖተ ሰላም ከእኔ አጥር ጎን የነበረው። ወጣትነቱ ያለቀው ቀይ ባሕር ላይ ነው፣ በጦር መርከብ። ታዲያ «እዚያ ምን ትሠራ ነበር?» ሲሉት «ሚዜ ነበርሁ» ይላል። «እህልና ነዳጅ የጫኑት መርከቦች ሙሽሮች ናቸው፣ መሣሪያ የላቸውም፤ የእኛዋ ከፊት ከኋላ እየዞረች ወደብ ታደርሳቸዋለች።» እና ይሄን ሲል ሰው ሁሉ ይንከተከታል። «የጎጃም ሰው ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ዓሣ የሆነው?» ይሉታል። እኔ ግን አየው ነበር፣ ፊቱ ይጠቁራል።

ታዲያ ሞተ። ሚስቱ ስንዱ ነጩን የመርከበኛ ባርኔጣውን ከሣጥን አወጣችና «ለቅሶው ላይ ይሄ ይውጣልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለች። የወንድሙ ልጅ፣ ቢተው የሚባለው፣ ያ አንገቱን እንደ አውራ ዶሮ የሚያስረዝመው፣ ነጥቆ ጓዳ ወረወረው። «እትየ፣ ሰው ይስቅብናል! ለትልቅ ሰው የሚወጣው ፈረስ ነው፤ ፈረስ አስመጥቻለሁ» አላት። እና እውነትም ከማንኩሳ ፈረስ ተውሶ መጣ!

ኸረ እናንተየ! አያ ይርሳው እኮ ፈረስ ሲያይ መንገድ የሚቀይር ሰው ነው! ገበያ እንኳ የሚሄደው በባጃጅ ነው! ታዲያ ፈረሱ ተሸልሞ ለቅሶው መሐል ይዞር ጀመር፣ አልቃሿም ቢተው የነገራትን ይዛ «ዳገቱን ጋላቢ፣ ጉልበተኛው ፈረሰኛ» እያለች ታወርዳለች፣ ሕዝቡም ደረቱን ይመታል። ስንዱን አየኋት፤ አታለቅስም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ይሄ የማን ለቅሶ ነው?» አለችኝ። «የእኔ ባል እኮ ገና አልተለቀሰለትም።»

ያኔ ደሜ ፈላ። ጓዳ ገባሁ፣ ባርኔጣውን ከጤፍ ጆንያው ኋላ አነሣሁ፣ አቧራውን በነጠላዬ ጠረግሁና ቀጥ ብዬ ሄጄ ፈረሱ ኮርቻ ላይ አስቀመጥሁት!

«አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል?» አለ ቢተው።

«አንተ ነህ ያበድኸው! የምታለቅሰው ለአጎትህ ነው ለማንኩሳ ፈረስ?»

አንዳንዱ መሳቅ ጀመረ። ታዲያ ከዳር የተቀመጡ፣ ከቡሬ የመጡ፣ ማንም ልብ ያላላቸው አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ጥለው ተነሡ። ባርኔጣውን ትክ ብለው አዩና እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው የወታደር ሰላምታ ሰጡት። የሚስቁትም አፋቸውን ያዙ።

«አብሬው ነበርሁ» አሉ። «መርከባችን በፈረንጆቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ተሠርታ፣ የእነሱን ጭነት ስታጅብ ኖራ፣ ለእኛ ስትደርስ አሮጊት ነበረች። አንድ ቀን ከየብስ መድፍ ተተኮሰ። ከኋላችን ለድርቁ የሚሆን እህል የጫነች መርከብ ነበረች፤ አዛዣችን የእኛዋን መሐል አስገባት። ተመታን። ይርሳው ታች ሞተር ክፍል ውሃው ደረቱ ደርሶ ‹እህሏ ሳትገባ አልወጣም› አለ። የእህሏ መርከብ ወደብ ከገባች በኋላ ነው ጎትተን ያወጣነው። ያን እህል በልቶ የዳነ ሰው ዛሬም አለ።» ከዚያ ወደ ባርኔጣው ጠጋ አሉ። «መንግሥት ሲወድቅ መርከባችን በሰው አገር ወደብ ቀረች፤ ዛገች፣ ለብረት ተሸጠች። ለእሷም ያለቀሰ የለም። ዛሬ ለሁለቱም ላልቅስ።»

ያኔ ስንዱ እሪ አለች! አልቃሿም ብልህ ናት፣ ፈረሱን እርግፍ አድርጋ ትታ «የሙሽሮቹ ሚዜ፣ የውሃው ዘበኛ» ብላ ቀየረችው፣ እና እነዚያ ሲስቁበት የኖሩት ሁሉ እንባቸው ወረደ። አሁን ማልቀስ! በሕይወት እያለ አንድ ቀን እንኳ ጨርሰው ቢሰሙት ምናለበት?

ቢተውስ አትሉም? አሁን በየጠላ ቤቱ «እኛ የባሕረኛ ዘሮች ነን» እያለ ይደነፋል! ባለፈው ደግሞ ደጄ መጥቶ፣ ያ «አንቺ ሴትዮ» ያለኝ አፍ፣ «እትየ፣ ባርኔጣው ውርሴ ነው፤ እንድትሰጠኝ ለስንዱ ይንገሩልኝ» አይለኝም!

«የአንተ ውርስ ፈረሱ ነው» አልሁት። «ማንኩሳ ሂድና ባለቤቱን ጠይቅ!»