ለኮት እጅጌ የተለካ ሰደፍ

ባሕር ዳር፣ ከሥራ ቤቴ ተቀምጬ የጠመንጃ ሰደፍ ስጠርብ አንዲት እናት ከደቅ ደሴት በጀልባ መጡ። ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት መካከል በአፈሙዙ ባሩድ የሚጎርሰውን አሮጌ ጠመንጃ መረጡና «ሰደፉን ለልጄ ክንድ ልክ ቁረጥልኝ» አሉኝ። «እሱ ራሱ ይምጣና ልለካው» አልኋቸው። ከዘንቢላቸው ኮት አወጡ። «በእጅጌው ለካ። ልጄን ጣና በላብኝ፤ አስከሬኑም አልተገኘ። በሱ ፋንታ ለለቅሶው ኮቱ ይወጣል። የወንድ ለቅሶ ደግሞ ያለ ጠመንጃ አይሆንም፤ የራሱ ይምሰልለት።»

«እግዜር ያጥናዎት» ብዬ እጅጌውን ሰደፉ ላይ ዘረጋሁና ምልክት አደረግሁ። መጋዙን ሳነሣ ክንዴን ያዙኝ። «አደራህን፣ እንዳያጥርበት። ገና እያደገ ነው።»

ከምልክቱ አንድ ጣት አርቄ ቆረጥሁት።